ቅጠል የሚያራግፍ ጥድ

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ጡረተኛው መምህር ያፌት በረንዳው ላይ ተንበርክኮ አሥራ አራት የረገፉ የጥድ ቅጠሎች ለቀመ። ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው። ከዚያ እንደ ሌባ ግራ ቀኙን አይቶ የፒጃማው ኪስ ውስጥ ከተታቸው።

ግራ ቀኙን ያየው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዘመኑ 2079 ዓ.ም. ነው፤ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ በሚገኘው ብሎክ አርባ አንድ የሚኖር ቤተሰብ ሁሉ በረንዳው ላይ አንድ የፈረንጅ ጥድ የማሳደግ ግዴታ አለበት። ጥዱ የሚኖረው ብርድ ቤት በሚባል የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው። ሰዎቹ በግንቦት ሙቀት በካርቶን እያራገቡ ምሳቸውን ሲበሉ፣ ጥዱ ከመስታወቱ ወዲያ በደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ ውስጥ ቆሞ ያያቸዋል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጉንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ይቆያሉ። እዚያ ውስጥ ቅቤ ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ ቅቤ የማያስቀምጥ ቤት ግን የለም።

ማክሰኞ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ የገጽታ ጽሕፈት ቤቱ ድሮን በየበረንዳው እያለፈ የጥዶቹን አረንጓዴነት ይለካል። ሕንፃው የሚመዘነው በደካማው ጥድ ነው። አንዱ ጥድ ከዘጠና በታች ካመጣ ሊፍቱ ለአርባ ቀን ይዘጋል። ብሎክ አርባ አንድ ደግሞ ሃያ ሁለት ፎቅ ነው።

የሌላ ሰው ጥድ ቢታመም ያሳዝናል። የያፌት ጥድ ሲታመም ግን ያሳፍራል። ሠላሳ ዓመት ስለ ዕፅዋት ያስተማረ ሰው ነው፤ ይህን ዛፍ ለከተማው ያመጣውም እሱ ነው ማለት ይቻላል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ለየቤቱ የሚሆነውን ዛፍ በሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ወይራ ቀረበ፣ ኮሶ ቀረበ፣ የሐበሻ ጥድ ቀረበ፤ በመጨረሻም የፈረንጁ ጥድ በረዶ ለብሶ የተነሳው ፎቶግራፍ ቀረበ። ያፌት እጁን ለፈረንጁ አወጣ። በኋላ በየመድረኩ ያስረዳው ምክንያት ስለ አየር ንብረት ነበር። ለራሱ ብቻ የሚያውቀው ምክንያት ግን ሰዓቱ ሰባት ከሩብ ሆኖ፣ ከጎን ካለው አዳራሽ የክትፎ ሽታ መምጣቱ ነው።

ቀጥሎም የእንክብካቤውን መመሪያ በራሱ ድምፅ ቀዳ። ስለዚህ በከተማው ያለ ብርድ ቤት ሁሉ በያፌት ድምፅ ይናገራል። የያፌትም ቤት ብርድ ቤት ሳይቀር።

«ውድ የጥድ ባለቤት፣» አለ ድምፁ በዚያች ሰኞ፣ ያፌት ገና ከጉልበቱ ሳይነሣ፣ «ጥድዎ ውኃ ጠማኝ ብሎ እስኪለምንዎ አይጠብቁ።»

ያፌት ሦስት ሊትር አጠጣ።

በማግስቱ ስድሳ ቅጠል ረገፈ። «ቅጠል ሲረግፍ ቢያዩ ቅዝቃዜውን ይጨምሩ» አለ ድምፁ፣ ያኔ አርባ ምናምን ዓመቱ የነበረው፣ ሁሉን የሚያውቀው ያፌት። የዛሬው ያፌት ቅዝቃዜውን ጨመረ። «ጥድዎን በፍቅር ያነጋግሩት» አለ ድምፁ። ያፌት ወንበር ስቦ ተቀመጠና ስለ ጡረታው፣ ስለ ሟች ባለቤቱ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ለጥዱ አወራለት። በሦስተኛው ቀን ከታች ያለ አንድ ቅርንጫፍ ቡናማ ሆነ። ያፌትም ምናልባት ወሬው ከብዶበት ይሆናል ብሎ አሰበ።

በሁለተኛው ማክሰኞ ድሮኑ ዘጠና ሁለት ሰጠው። ሌሎቹ በሙሉ መቶ ነበሩ።

ብልህ ሰው ቢሆን ወደ ጎረቤት ሄዶ ምን ላድርግ ይላል። ያፌት ግን መምህር ነው፤ መምህር ደግሞ ጎረቤት አይጠይቅም፣ ማመልከቻ ይጽፋል። ለገጽታ ጽሕፈት ቤቱ የጻፈው ሁለት ገጽ ሙሉ ነበር። «ጥዴ ታመመብኝ» የሚል ቃል አልነበረበትም። «በታችኛው ቅርንጫፍ ላይ የታየውን ያልተለመደ ሁኔታ ከሙያ አጋር ጋር ለመወያየት» ነው ያለው። ልኮ ሲጨርስ ደስ አለው፤ ሻይም አፈላ። መልሱ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ መጣ። ባለሙያ በሚቀጥለው ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ትመጣለች፤ ምርመራው በእጅ እየተነካ ነው፤ ለማነጻጸር የጎረቤት ጥዶችም ይታያሉ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ያፌት አንድ ሐሳብ መጣለት። ባለሙያዋ የጎረቤት ጥድ ከማየቷ በፊት ለምን እሱ አያይም? አንድ ፎቅ ወጥቶ፣ ከራሱ ቤት አናት ላይ ያለውን የእማማ ኤልዳናን በር አንኳኳ። እማማ ኤልዳና ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ በተሽከርካሪ ወንበር እየወረዱ ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ይሄዳሉ። ጥዳቸው በሕንፃው ውስጥ ከሁሉ አረንጓዴው ነው ይባላል።

«ግባ መምህር። ምን እግር ጣለህ?»

«እንዲያው ጤናዎን ልጠይቅ ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ጤናዬን የምትጠይቀው በበረንዳው በኩል ነው?» አሉት፤ ከገባ ጀምሮ ዓይኑ ከመስታወቱ አልተነቀለም ነበርና።

አስፈቅዶ ብርድ ቤቱን ከፈተ። ውስጡ ለቅቤ የሚበቃ ቅዝቃዜ እንጂ ውርጭ የለውም። በጥዱ ሥር አንድ ቆርቆሮ ቅቤ፣ ሽንኩርትና የእማማ ኤልዳና መድኃኒት ተደርድሯል። ያፌት አንዱን ቅርንጫፍ በሁለት ጣቱ ያዘ። ቅጠሉ ተሰበረ እንጂ አልታጠፈም። ጣቶቹን ሲያይ አረንጓዴ ሆነዋል። አሸተታቸው፤ አዲስ የተቀባ የብረት በር ይሸታሉ።

«መቼ ነው የሞተው?» አለ ሳይዞር።

«ስድስት ዓመት አለፈው። ነፍስ ይማር።»

«ምን ሆኖ?»

«ምን ይሆናል፤ ያልከውን ሁሉ አድርጌ ነዋ። ውኃ አጠጪ አልክ፣ አጠጣሁ። ብርዱን ጨምሪ አልክ፣ ጨመርኩ። አነጋግሪው አልክ፤ ያንን እንኳ ተውኩት፣ አፍሬ።»

ያፌት የሽንኩርቱ ከረጢት ላይ ተቀመጠ። «የሌላውስ ሰው?»

«የሌላውም እንዲሁ። ኢዮሲያስ በየሦስት ወሩ እየዞረ ይቀባልናል።»

ኢዮሲያስ የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበርና ከምድር ቤቱ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው።

«ሰማንያ ሰባቱም ቤት? ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ምን ብለን እንንገርህ?» አሉ እማማ ኤልዳና፤ ድምፃቸው ለሕፃን እንደሚነገር ለስለስ አለ። «ደረጃ ላይ ያገኘኸውን ልጅ ሁሉ አቁመህ ስለ ጥድ ታስተምራለህ። ሰውም ይወድሃል። እንዳይከፋህ ብለን ነው።»

ያፌት በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ከፍቶት ያውቃል። በዚህ ልክ ታዝኖለት ግን አያውቅም። ስለ ሐሙሱ ነገራቸው፤ ማመልከቻውን፣ ባለሙያዋን፣ የጎረቤት ጥድ እንደሚነካ።

እማማ ኤልዳና የግራ ክንዳቸውን፣ መርፌው የሚገባበትን ያበጠ ሥር፣ በቀኝ እጃቸው ያዝ አደረጉ። «ካቻምና ሊፍቱ የተበላሸ ጊዜ ትዝ ይልሃል? በወንበር ተሸክመው አወረዱኝ። አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ የአንደኛው ጉልበት ከዳው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ከእጥበቱ ቀረሁ። ፊቴ እንደ ዳቦ ተነፋ። ያኔ አሥራ ሁለት ቀን ነበር፣ መምህር። አርባ ቀን አልችልም።»

ይህን ያሉት ሳያለቅሱ፣ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነው።  ሁለት ገጽ ማመልከቻ የጻፈው እጁ ጉልበቱ ላይ አረንጓዴ ጣቶቹን ዘርግቶ ተቀምጧል።

ወሬ በብሎክ አርባ አንድ ከሊፍቱ ይፈጥናል። ያፌት ወደ ቤቱ ሲወርድ ኢዮሲያስ በሩ ላይ ቆሞ አገኘው፤ በእጁ የሚረጭ ቀለም የያዘች ቆርቆሮ አለች።

«ጋሼ ያፌት፣ ቁጥር ሦስት ነው። ሁለት ዙር ከረጩት ማክሰኞ መቶ ያመጣል። ነገም ባለሙያዋ ታሞ ካላየችው፣ ምንም የለውም ብላ የጎረቤት ጥድ ሳትነካ ትሄዳለች።»

«ሕይወት ያለው ዛፍ ከተቀባ ይሞታል፣ ኢዮሲያስ።»

ኢዮሲያስ ጫማውን አየ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ የእኛዎቹ ሳይቀቡም ሞተዋል። እማማ ኤልዳና ግን ገና አሉ።»

ቆርቆሮዋን እጁ ላይ አስቀምጦለት ወረደ።

ያፌት ብርድ ቤቱ ፊት ቆሞ ቆርቆሮዋን ነቀነቃት። ውስጧ ያለችው ኳስ ተንኳኳች። ክዳኑን ከፈተ፣ አነጣጠረ፣ ከዚያ አወረዳት። ሩኅሩኅ ስለሆነ አልነበረም። አንድ ጥያቄ ስለያዘው ነው፤ ሰማንያ ሰባት ጥድ ሞቶ የእሱ ብቻ ለምን ኖረ? በመጀመሪያ የመጣለት መልስ ‹ሙያ ነዋ› የሚል ነበር። ያንን ለራሱ እንኳ ሊናገረው አልደፈረም።

እውነቱን ሲያስታውስ እንዲህ ነው። ብርድ ቤቱን ባስገባ በሳምንቱ ጉምጉምታው እንቅልፍ ስለነሳው ገመዱን ነቅሎት ነበር። ውኃ የሚያጠጣው ትዝ ሲለው ነው፤ ትዝ የሚለውም እንግዳ ሲመጣ ነው። አንድ ክረምት አርባ ምንጭ ለሥልጠና ሄዶ ለሁለት ወር ረስቶት ነበር፤ ሥልጠናውም ስለ ጥድ እንክብካቤ ነበር። መመሪያውን አንድ ባንድ መከተል የጀመረው መስከረም ላይ ጡረታ ወጥቶ ቤት ከዋለ ወዲህ ነው። ጥዱ አሥር ዓመት የኖረው በእሱ ስንፍና፣ ስምንት ወር የታመመው በእሱ ትጋት ነበር። የሰማው ሁሉ ገደለ፤ ያልሰማው ባለድምፁ ብቻ አልገደለም።

ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሰደደ። ጭቃ ነው፤ የሰነበተ እርጥብ ካልሲ ይሸታል። የብርድ ቤቱን ገመድ ነቀለ፣ መስታወቱንም ወለል አድርጎ ከፈተ።

«ውድ የጥድ ባለቤት፣» አለ ድምፁ በመጠባበቂያው ባትሪ፣ «በሩ ክፍት ነው።»

«ዝም በል» አለው ያፌት። ሠላሳ ዓመት በማስተማር ላይ ሳለ ይህን ቃል ሊነግረው የፈለገ ተማሪ ስንት ይሆን ብሎም አሰበ።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ባለሙያዋ መጣች። አስካለ ትባላለች፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። በዚያ ዘመን አዛውንቶቹ ያፌትና ኤልዳና ሲባሉ፣ ወጣቶቹ አስካለና ደምሴ ይባላሉ። ቀጭን ጓንት አድርጋለች፤ ሰሌዳ በብብቷ ይዛለች። በደረጃው በኩል አንድም በር ክፍት አልነበረም፤ ከየበሩ ጀርባ ግን እስትንፋስ ይሰማ ነበር።

«ከጎረቤቶቼ ዛሬ ማንም የለም፣» አለ ያፌት ገና ሳትቀመጥ። «ሁሉም ሥራ ሄደዋል።»

ከጎን ካለው በር ጀርባ የሰው ሳል ተሰማ። አስካለ ወደ በረንዳው ሄዳ ጥዱን ዞረችው፣ አፈሩን ነካች፣ ከአንዱ ቅርንጫፍ ጫፉን ሰበረች። ከዚያ ጓንቷን አውልቃ አሸተተችው። ለረጅም ጊዜ አፍንጫዋ ሥር ያዘችው።

«ይሄ የሚሸተው ምንድን ነው?»

«ሙጫው ነው።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሸተው?»

«በሕይወት ካለ አዎ።»

አስካለ ያፌት ከጥዱ ጋር የሚያወራበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። «አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሕይወት ያለው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።»

ያፌት ፈጠን ብሎ መለሰ። «የሌሎቹን ገና አላየሽም እኮ። በተለይ ከላይ ያለው...»

«ይተዉት መምህር። እኔም ቤት ቀለም ነው። አለቃዬም ቤት ቀለም ነው። ቁጥር ሦስትን ከየት የሚያመጡት ይመስልዎታል?»

ያፌት ሌቱን ሲያዘጋጀው ያደረ ንግግር ነበረው። ስለ ስህተትና ስለ ኃላፊነት የሚናገር፣ መጨረሻው ላይ ድምፁ የሚንቀጠቀጥ ጥሩ ንግግር ነው። ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። «ልጄ፣ ይህን ዛፍ ለዚህ ከተማ የመረጥኩት እኔ ነኝ...»

«አውቃለሁ። በሩን ሲከፍቱልኝ ነው በድምፅዎ ያወቅኩዎት። የእናቴንም ጥድ የገደሉት እርስዎ ነዎት።»

ንግግሩ እዚያ ላይ አለቀ።

አስካለ ሰሌዳዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች። «የመጀመሪያው ጥያቄ ‹ቅጠል ያራግፋል ወይ› ነው የሚለው። የሞተ ዛፍ አያራግፍም፣ ቀለሙ ያጣብቀዋል። የእርስዎ ያራግፋል። ያራግፋል ካልኩ ታሟል ማለት ነው፤ ታሟል ካልኩ ሊፍቱ ይዘጋል።»

«ከላይ አንዲት እናት አሉ፣» አለ ያፌት። «በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ይወርዳሉ። ካስፈለገ እኔው እቀባዋለሁ።» ይህን ሲል ቆርቆሮዋን ከኪሱ አወጣት። ከጠዋት ጀምሮ ይዟት ነበር።

አስካለ ቆርቆሮዋን አየች፣ ጥዱን አየች። «ሌላ መንገድ አለ። ደርቋል ብዬ እጽፋለሁ። የደረቀ በሌላ ይተካል፤ በተተካ ዛፍ ሕንፃው አይቀጣም። የደረቀውን መኪና መጥቶ ወደ መፍጫው ይወስደዋል። ባለቤቱ ራሱ ላስወግድ ካለ ግን የት ወሰድከው ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

ጻፈች፣ ያፌት ፈረመ። በመዝገቡ ላይ በብሎክ አርባ አንድ ሰማንያ ሰባት ጥዶች ይኖራሉ፤ አንዱ ሞቷል። አስካለ ስትወጣ የሰበረችውን ጫፍ በሰሌዳዋ መሐል ሸጉጣ ነበር።

የት ይወሰድ የሚለውን የመለሱት እማማ ኤልዳና ናቸው። የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ባዶ መሬት አለ። ዘበኛው ስማቸውን ያውቃል፤ እሳቸውም የልጆቹን ስም ያውቃሉ። ቅዳሜ ጠዋት ኢዮሲያስና ያፌት ጥዱን ከነበርሜሉ በጋቢ ጠቅልለው ሊፍቱ ውስጥ ከእማማ ኤልዳና ወንበር ጎን አቆሙት። ጫፉ ከጣሪያው ጋር ታግሎ ጎንበስ አለ። ሊፍቱ በየፎቁ ቆመ። ሰው በየፎቁ ቦታ የለም እየተባለ ገባ። አምስተኛው ፎቅ ላይ አንድ ጎልማሳ ፊቱን ቅርንጫፉ ውስጥ ደፍቶ እስከ ምድር ወረደ። 

በብሎኩ መውጫ በር ላይ ጥበቃው የአስካለን ወረቀት ተቀበለ። ከጋቢው ውስጥ የወጣውን አረንጓዴ አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ።

«ደርቋል ይላል።»

«ደርቋል» አለ ያፌት።

ጥበቃው ቆቡን አወለቀ። «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ በሩን ከፈተ።

የተተከለው በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ነው። ያፌት ጉድጓዱ ስንት ሴንቲ ሜትር መሆን እንዳለበት ማስረዳት ሲጀምር፣ እማማ ኤልዳና «ቆፍርና ዞር በል» አሉት። ቆፍሮ ዞር አለ። ቤቱ በረንዳ ላይ ኢዮሲያስ ቀብቶ ያመጣለት ምትክ ቆሟል፤ በየማክሰኞው መቶ ያመጣል፤ ቅቤውንም ያስቀምጥበታል።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የእማማ ኤልዳናን ወንበር የሚገፋው ያፌት ነው። እሳቸው አራት ሰዓት ሙሉ ማሽኑ ላይ ሲቆዩ፣ እሱ ጓሮው ውስጥ ካለ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። አልጋቸው መስኮቱ ሥር ነው፤ ጥዱም እሱም ይታዩዋቸዋል። አንድ ቀን የደረቀችውን ቅርንጫፍ ሊቆርጥ ሲነሣ መስታወቱ ተንኳኳ፤ በቀለበታቸው ነው የሚያንኳኩት። ተቀመጠ። ሌላ ቀን አፈሩን ሊኮተኩት ጎንበስ ሲል ተንኳኳ። ቀና አለ። ነርሶቹ መጀመሪያ ተጨነቁ፤ በኋላ ለመዱት።

በነሐሴ ጥዱ ከግማሽ በታች መላጣ ሆኖ ነበር፤ የሚያምር ነገር የለውም። ከላይ በኩል ግን በየቅርንጫፉ ጫፍ የሕፃን ጥፍር የሚያህል ለጋ አረንጓዴ ወጣ። ያፌት ምን ያህል እንደሆኑ መቁጠር ጀምሮ ተወው።

ጥቅምት ላይ ዝናቡ ከሄደ ሁለት ሳምንት ሆነው። ፀሐዩ በርትቷል፤ አፈሩም ከላይ ተሰነጣጥቋል። የልብስ ማጠቢያው ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የውኃ ጎማ ከአግዳሚው ሥር ተጥሎ ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። ያፌት አነሣው። መስታወቱ እስኪንኳኳ ጠበቀ። አልተንኳኳም። ዞሮ ሲያይ እማማ ኤልዳና ተኝተዋል፤ አፋቸው በትንሹ ተከፍቷል፣ ደማቸው በቀጭኑ ቱቦ ወጥቶ በቀጭኑ ቱቦ ይመለሳል፣ ደረታቸውም በእርጋታ ከፍ ዝቅ ይላል።

ማንም አያየውም ነበር። ይህ አፈር ውኃ ለምን እንደሚያስፈልገው የሚያውቃቸው ሦስት በቂ ምክንያቶች ነበሩ፤ ሦስቱንም አስተምሯቸዋል።

ጎማውን መልሶ ከነበረበት አኖረ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ሁለት እጁን ከጭኑ ሥር አስገባ።